የክሪስቲው ምድር ቤት አሰልጣኝ

ተናኜ ቶሮንቶ ከገባች በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ አልጨፈረችም። ሠርግ ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች፤ ጎትተው ሊያስነሷት ሲሞክሩ ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ጉልበቷ ደህና ነበር። እኔ ዌስተን በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር በአንድ ሕንፃ ከእሷ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ እኖር ስለነበር፣ የሚታጠብ ልብስ የሞላ ቅርጫት ተሸክማ ደረጃውን እንዴት እንደምትወጣው አይቻለሁ።

ምክንያቱን የሰማሁት ቆይቼ ነው። አዲስ አበባ ሳለች፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ለአንድ ክፍለ ጦር ኪነት ቡድን ከቀበሌ መርጠው ወሰዷት። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀመጡላት፤ ሳታነብ ፈረመች። ዘጠኝ ዓመት ቆየች። መጀመሪያ ተወዛዋዥ ነበረች፤ በኋላ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ እጁን እንዲያነሣ፣ በአንድ ጊዜ እንዲዞር የምታስተምር አሰልጣኝ ሆነች። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ አምስት ወር ያለ እረፍት ልምምድ ሆነ። በዚያ መሃል አባቷ ደሴ ላይ ታመሙ። ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቀች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ከበዓሉ በኋላ» ተባለች። በዓሉ ካለፈ በአራተኛው ቀን መርዶ ነገሯት። አባቷ ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

በሱዳን በኩል ወጥታ ካናዳ ስትደርስ፣ ከእንግዲህ ማንም እየቆጠረልኝ እግሬን አላነሣም ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

እንጀራዋ ጽዳት ነበር። ብሎር ጎዳና ላይ፣ ክሪስቲ ጣቢያ አጠገብ፣ ኮሪያዎች በርከት ብለው ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱበት ሰፈር አለ። እዚያ ያለ አንድ የማኅበር ሕንፃ ከሰዓት በኋላ ታጸዳለች። በፈረንጆቹ 1996፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ አምስት ልጆች ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ መለማመድ ጀመሩ። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ሁሉም የኮሪያ ልጆች፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው። ከሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የተከራዩትን ካሴት በትንሽ ቴሌቪዥን እየከፈቱ፣ ሴኡል ውስጥ ስማቸው የገነነ ወጣት ዘፋኞች የሚሠሩትን ዳንስ ይቀዳሉ።

ተናኜ ሦስት ሳምንት ያህል አፏን ይዛ ወለወለች። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች። ከልጆቹ አንዷ፣ ሱጂን የምትባለው፣ አየቻትና ቆጠራዋን አቋረጠች።

«ወለሉን ልታጸጂ ነው? እንውጣልሽ?»

«አትውጡ» አለች ተናኜ። «ግን አብራችሁ አይደላችሁም።»

«ቆጠራው ልክ ነው፤ እኔ ነኝ የምቆጥረው።»

«አንቺ ትቆጥሪያለሽ። እነሱ ግን የሚያዩት ቴሌቪዥኑን ነው። አምስት ሰው አምስት ቴሌቪዥን እያየ ነው። እርስ በርስ አትደማመጡም።»

ጁን የሚባለው ረጅሙ ልጅ ሳቀ። «ዳንስ ታውቂያለሽ እንዴ?»

ተናኜ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። «ተራመዱ» አለቻቸው። «ዳንሱን ተዉት። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ።»

በምን አንጀታቸው እንደታዘዟት እስከ ዛሬ አታውቅም። ተራመዱ፤ ተጋጩ፤ ተሳሳቁ። እሷ በመወልወያው እጀታ ወለሉን መታ መታ እያደረገች በአማርኛ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በእንግሊዝኛ ስትቆጥር ምቱ ይጠፋባት ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአሥር እግር ኮቴ አንድ ኮቴ ሆኖ ተሰማ። ሱጂን ዓይኗን ገልጣ «ኦ» ብላ ቀረች።

ለሁለት ሳምንት ከመራመድ በቀር ምንም አላስነካቻቸውም። ቀጥሎ ትንፋሽ መጣ፤ መቼ አየር እንደሚስቡ፣ መቼ እንደሚያስወጡ። አንድ ቀን ጁን በአንድ እግር የሚዞሩበትን ቦታ ደጋግሞ አልሆን ሲለው፣ ተናኜ ጓንቷን አወለቀች፤ በዚያ ሰማያዊ የሥራ ቱታ ዞራ አሳየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሶንሴንኒም» ይሏት ጀመር፤ በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው።

መቼም ቃል ካነሣሁ አይቀር፣ የሳቁባትንም ልንገራችሁ። አንድ ማክሰኞ ትልቅ ስትሆኑ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ሱጂን ሳታመነታ «አይዶል» አለች። ተናኜ ቃሉን የምታውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ነበር።

«ጣዖት?» ብላ አማተበች። «ሰው እንዲሰግድልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ቀስ ብለው አስረዷት፤ አይዶል ማለት ድርጅት በልጅነቱ መርጦ፣ ድምፁንም ዳንሱንም አሠልጥኖ፣ በቡድን አድርጎ መድረክ የሚያወጣው ወጣት ነው። አድናቂዎች ፎቶውን ግድግዳቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ልደቱን ያከብራሉ፣ በየሄደበት ይከተሉታል። ተናኜ አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ሥልጠናው ስንት ዓመት ነው?»

«እንደ ሰውየው ነው» አለ ጁን። «ሁለትም ይሆናል፣ ስድስትም።»

«እስከዚያ የት ትኖራላችሁ?»

«እዚያው፣ ማደሪያቸው ውስጥ።»

ተናኜ ወደ ቤቷ ስትመለስ የዌስተኑ አውቶቡስ ውስጥ ይህ መልስ ከአእምሮዋ አልወጣም።

ባሏ ካሳዬ መሃል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ነገሩ አልጣመውም። «ሺፍትሽ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዓት ትቆያለሽ» አላት። «ኦፍ ቀንሽንም ለሰው ልጅ ሰጠሽ። ምን አገባሽ? ደግሞ ያንን ነገር ተውኩት ብለሽ አልነበር?»

«ያንን ነገር ትቻለሁ» አለችው። «ይሄ ሌላ ነው። እነዚህ መሄድ ሲፈልጉ በሩ ክፍት ነው።»

በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ ልጆቹ በክሪስቲ መናፈሻ በተደረገ የሰፈር በዓል መድረክ ወጡ። እኔም ነበርኩ። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ማሽን መሃል ላይ ቀጥ አለ። አምስቱ አልቆሙም። እየዘፈኑ፣ በጫማቸው ድምፅ ብቻ፣ ሳይዛነፉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ተናኜ ከመድረኩ ጎን እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ ከንፈሯ ብቻ ይቆጥራል።

ያን ቀን ከተመልካቹ መሃል ከሴኡል የመጣ ሰው ነበር። ሚስተር ሃን ይባላል፤ የአንድ ዘፋኝ አሠልጣኝ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች እየዞረ የኮሪያ ልጆችን ይመርጣል። በሳምንቱ አምስቱንም ለየብቻ አይቶ ሁለቱን መረጠ። ሱጂንንና ጁንን። በእጃቸው አሥራ ዘጠኝ ገጽ ውል ሰጥቶ አምስት ቀን ቀጠራቸው።

የሱጂን ወላጆች ብሎር ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። አባቷ በዚያ ዓመት ክረምት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ገና እያገገሙ ስለነበር፣ ሱቁን ቀጥ አድርገው የያዙት እናቷ ወይዘሮ ፓክ ናቸው። በማግሥቱ ወደ ምድር ቤቱ ወርደው መጡ። እንግሊዝኛቸው እንደ ተናኜ ነው፤ የሚያስፈልገውን ያህል።

«እርስዎ ነዎት ያስተማሯት» አሉ። «ልፈርም?»

«ውሉን አንብበውታል?»

«ፊደሉን አነበብኩ። ነገሩ አልገባኝም።»

«እንግዲያው አይፈርሙ። መጀመሪያ የሚገባው ሰው ያንብብልን።»

ከወይዘሮ ፓክ ቤተ ክርስቲያን አንድ ወጣት ጠበቃ ተገኘ። ሱቁ ውስጥ፣ በለስላሳ ሳጥኖች መካከል ተቀምጦ፣ ገጽ በገጽ እያነበበ ተረጎመላቸው። ውሉ አሥር ዓመት ነው፤ አሥሩ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው ግን ከፈረመችበት ቀን ሳይሆን መጀመሪያ መድረክ ከምትወጣበት ቀን ነው። መድረክ የምትወጣበትን ቀን የሚወስነው ድርጅቱ ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ ከማደሪያ መውጣትም ሆነ ከአገር መውጣት አይቻልም። ተናኜ የመጨረሻውን ደግሞ እንዲያነብላት ጠየቀችው። ደገመላት።

በአምስተኛው ቀን ሚስተር ሃን ባረፈበት ሆቴል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ፓክ፣ ሱጂን፣ ጠበቃው፣ የጁን አባትና ጁን፣ እንዲሁም ተናኜ። ቀጥታ ከሥራ ስለመጣች ቱታዋን አልቀየረችም። ሚስተር ሃን በትሕትና እጅ ነሥቶ ማን እንደሆነች ጠየቀ።

«መምህሬ ናት» አለች ሱጂን።

ሰውየው ቱታዋን ከላይ እስከ ታች አየው። «በጣም ጥሩ። ዛሬ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው የምንነጋገረው። ውጭ ሻይ ይቀርብልዎታል።»

«አመሰግናለሁ፣ ሻይ አልፈልግም» አለች ተናኜ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጠበቃው ጥያቄዎቹን አቀረበ። ሚስተር ሃን ለሁሉም መልስ ነበረው፤ ሁሉም ቤተሰብ የሚፈርመው ይህንኑ ነው፣ ድርጅቱ ለልጆቹ አባትም እናትም ነው አለ። ወይዘሮ ፓክ እስክሪብቶውን አነሡ። ያኔ ተናኜ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቷ ልባቸውን ታመዋል። ነገ ሆስፒታል ቢገቡ፣ መምጣት ትችላለች?»

«በእርግጥ እንደ ሁኔታው ይታያል።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«ድርጅቱ።»

«እንግዲያው ይጻፍ። አባቷ ወይም እናቷ ቢታመሙ ማንንም ሳትጠይቅ ትመጣለች ብለው ይጻፉ።»

ሚስተር ሃን ፈገግ አለ። «እመቤት፣ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈን አናውቅም።»

«ዛሬ ይጻፉ።»

«አይቻልም።»

ወይዘሮ ፓክ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡ። ሰውየው የሱጂንን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የጁን አባት ግን እዚያው ፈረሙ፤ የልጁ ዓይን እየለመናቸው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሱጂን ተናኜ ፊት ቆመች። እያለቀሰች ነበር። «አንቺ ተበድለሽ ስለነበር ነው! ስለ አባትሽ የነገርሽኝን አልረሳሁም። የኔ ሕይወት ግን ያንቺ አይደለም!»

«እውነትሽን ነው፤ የኔ አይደለም» አለች ተናኜ። ልጅቱ ጥላት ሄደች።

መስከረም ላይ ጁን ሄደ። ሱጂን ቀረች፤ ወደ ምድር ቤቱም መውረድ አቆመች። ከሌሎቹ ሦስቱ አንደኛው ተወ። ተናኜ ያን ሰሞን እኔ ጋ መጥታ ሻይ ሳፈላላት «የልጅቱን ዕድል ዘግቼ ይሆን?» አለችኝ። የኔን መልስ ግን አልጠበቀችም። «ብሳሳትም ደግሜ እጠይቀው ነበር» አለች፤ ሻይዋን ጠጥታ ተነሣች።

ማክሰኞና ሐሙስ መውረዷን አላቆመችም። የመጣ ቢመጣ፣ የቀረ ቢቀር፣ በአሥር ሰዓት አዳራሹ መሃል ትቆማለች። ሁለት ልጅ ብቻ ሆኖም አስተማረች። ቪዲዮ ቤቱ መስኮት ላይ በእጇ የጻፈችውን ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ፊደሉ የተንጋደደ ነበር፣ ሰው ግን አነበበው። ኅዳር ሲገባ ልጆቹ ዘጠኝ ሆኑ። ከእነሱ ሁለቱ ሜሮንና ጸዮን የሚባሉ የእኛው አገር እኅትማማቾች ናቸው፤ ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር አውቶቡስና የምድር ውስጥ ባቡሩን ሰብዌይ እየቀያየሩ ይመጣሉ። እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተናኜን አስቁማ «ልጆቼ ኮሪያኛ መዝፈን ጀመሩ፤ ምን አድርገሽብኝ ነው?» አለቻት። ሐሙስ ሲመጣ ግን አንድም ቀን አላስቀረቻቸውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ስልክ ተደወለ። ካሳዬ አነሣና «ከውጭ አገር ነው» ብሎ ሰጣት። ጁን ነበር፤ ከሴኡል።

«ሶንሴንኒም፣ ትንፋሼ ያልቅብኛል» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ሰኞ ይፈትኑናል። ከወደቅኩ ይመልሱኛል። ሌሎቹ ሦስት ዓመት የሠለጠኑ ናቸው።»

«የት ነው የሚያልቅብህ?»

«ዝላዩ ጋ፤ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ።»

«ስልኩ የት ነው ያለው?»

«ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳው ላይ።»

«ጫማህን አውልቅ። ባለህበት እርገጥ። ልስማህ።»

ተናኜ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ከዚያ በቀስታ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «ከዝላዩ በፊት ነው አየር የምትስበው፤ በዝላዩ ላይ አይደለም። እንደገና።» ደጋግማ አስረገጠችው። ካሳዬ ጥርሱን ሊቦርሽ ወጥቶ ነበር፤ ብሩሹን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየ። ስልኩን ስትዘጋው፣

«ማነው?» አላት።

«ተማሪዬ ነው።»

ካሳዬ ከዚያ ወዲያ ምን አገባሽ ብሎ አያውቅም። እንዲያውም በረዶ ሲበረታ ከክሪስቲ በመኪናው ያመጣት ጀመር።

ጁን አለፈ። በዓመቱ ከአራት ልጆች ጋር አንድ ቡድን ሆኖ ወጣ፤ ካሴታቸው ቶሮንቶም ደረሰ። ብሎር ላይ ባለው ሙዚቃ ቤት መስኮት ፎቶው ተሰቀለ፤ ፀጉሩን ብርቱካን አስመስለው ቀብተውት ነበር። ተናኜ በዚያ በኩል ስታልፍ ቆማ ፎቶውን ሳይሆን አቋቋሙን ታያለች። «ግራ ትከሻው ወድቋል፤ እንቅልፍ አላገኘም» አለችኝ አንድ ቀን።

ሱጂን የተመለሰችው በጥር ነው፤ ጁን በሄደ በአራተኛው ወር። ማንም አልጠራትም። ካፖርቷ ላይ በረዶ እንደተከመረ የአዳራሹ በር ላይ ቆመች። ተናኜ ቆጠራዋን አላቋረጠችም፤ በዓይኗ ብቻ ከሜሮን ጎን ያለውን ክፍት ቦታ አሳየቻት። ሱጂን ጫማዋን ቀይራ ገባች። ልምምዱ ሲያልቅ «አሁንም ተናድጃለሁ» አለቻት።

«ተናደጂ» አለች ተናኜ። «ጉልበትሽ ግን ልል ሆኗል። ሐሙስ ቀደም ብለሽ ነይ።»

ቀደም ብላ መጣች። በዚያው ቀጠለች፤ ከዓመት በላይ። ትንንሾቹን ማስተማር ያዘች፤ ተናኜ የድምፅ ልምምዱን ሙሉ ለሙሉ ለእሷ ተወችላት።

በ1999 ጸደይ ሌላ ድርጅት መጣ። ሱጂን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ስለነበር ጠረጴዛው ፊት ራሷ ተቀመጠች፤ ተናኜ ከኋላዋ። እነዚህኞቹም ተከራከሩ፤ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ዓመቱ ከፊርማው ቀን እንዲቆጠር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ቤቷ እንድትመጣ፣ ቤተሰብ ሲታመም ደግሞ ፈቃድ እንዳያስፈልጋት በጽሑፍ ገባ። ያሰበችውን ሁሉ አላገኘችም፤ ቆይታው አሁንም ረጅም ነው። «ይህን አውቄ ነው የምፈርመው» አለች ለእናቷ፤ ፈረመች።

አውሮፕላን ማረፊያ ካሳዬ ነው ያደረሳቸው። ወይዘሮ ፓክ ልጃቸውን አቅፈው መልቀቅ አቃታቸው። ሱጂን ወደ ተናኜ ዞረች፤ በአገሯ ሥርዓት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻት፤ ቀጥላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ስታሸንፊ ብቻ እንዳትደውዪልኝ» አለቻት ተናኜ። «ሲያቅትሽም ደውዪ።»

በዚያው ዓመት መስከረም የማኅበሩ ሕንፃ ሊታደስ ነው ተባለና አዳራሹ ለስምንት ወር ተዘጋ። የጽዳት ሥራዋም አብሮ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጆቹን እስከ ፋሲካ አሰናብቶ ያርፋል። ተናኜ ሦስት ቀን በእግሯ ዞረች፤ አራት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ የጡረተኞች ክበብ አንኳኳች። በመጨረሻ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ፣ አሮጌ የእንጨት ወለል ያለውን የጡረተኞቹን ክበብ አዳራሽ አገኘች። የክበቡ ጸሐፊ ምን ልታስተምሪ ነው ብትላት «አብሮ መርገጥ» አለቻት። ጸሐፊዋ መዝገቡ ላይ «ዳንስ» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል በወቅቱ አሥራ አንድ የደረሱት ልጆች ክሪስቲ ጣቢያ በር ላይ መሰባሰብ ያዙ። ተናኜ ቴፑን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። አንድ ጎደለ፤ ጸዮን ከአውቶቡሱ ወርዳ እየሮጠች ስትመጣ ታየች። ጠበቋት። ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ወደ ሰብዌዩ ወረዱ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ባቡር እየገባ ነበር።